ዲኤክሷን ወደ ኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ ማዞር፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

እሁድ፣ መስከረም 26፣ 2017

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ኬኢ 70፣ በፈረንጆች የ1983 ሥሪት። ሞተሯ 4ኬ ነው፤ 1,290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡረተር። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው፣ እህቴ የተሞሸረችው በእሷ ነው፣ አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረስኩትም በእሷ ነው። ስለዚህ "ሽጣትና ተገላገል" የሚል ምክር አልቀበልም። በዚያ ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ይዞ መንከባከብ የብዙ ሰው ሥራ ሆኗል።

ችግሯ አንድ ነው፤ ቆማ ትግላለች። ስትሄድ ደህና ናት። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት መኪና ተደርድሮ ሲቆም ግን የሙቀት ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኔም ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ እሱን ማየት እጀምራለሁ፣ መንገዱ ተከፍቶ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ባለፈው ሐሙስ አልወረደም። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ጥግ ይዤ 40 ደቂቃ ቆምኩ። አንድ ሚኒባስ ሹፌር ወርዶ ውሃ ሊሰጠኝ ክዳኑን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል።

ዛሬ ጠዋት ለማወዳደሪያ የሚሆን ልኬት ወሰድኩ። ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) እየሠራች፣ በሌዘር ቴርሞሜትር የላይኛውን የራዲያተር ጎማ (ውሃ የሚያልፍበትን ቱቦ) አፍ ለካሁ። በ10ኛው ደቂቃ 84 ዲግሪ። በ20ኛው 93። በ30ኛው 99። በ35ኛው 102 ሲል አጠፋኋት። ጋዝ ረግጬ ወደ 2,500 ዙር ሳነሳት ግን በሁለት ደቂቃ 5 ዲግሪ ወርዳ ነበር። ይህ ብዙ ይናገራል።

የዚህ ሞተር ውሃ ፓምፕ በቺንጋ ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የታሰረ ነው። ማራገቢያውም እዚያው ፓምፑ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረው መንኮራኩር) ላይ ታስሯል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲያዛጋ ፓምፑም ማራገቢያውም አብረው ያዛጋሉ። ንፋስ የሚያስፈልገኝ ቆሜ ሳለሁ ነው፣ ንፋስ የማገኘው ስሮጥ ነው። በሙሉ ፍጥነት ደግሞ ፓምፑ ከሚያስፈልገው በላይ ይሽከረከራል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፤ ውሃው የሚሮጠው እንደ ሞተሩ ዙር ሳይሆን እንደ ሙቀቱ እንዲሆን። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቢኤምደብልዩ ኤን 52 በሚባለው ሞተሩ በፈረንጆች ከ2004 ጀምሮ ገጥሞታል፣ በፈረንጆች የ2009ኙ ቶዮታ ፕሪየስ ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ ቺንጋ የለውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ጋሼ ጋራዥ ሄድኩ። አባቴ ዘመኑን ሙሉ መኪናዋን ያሠራው እሳቸው ጋ ነው፣ እኔንም "አንተ ልጅ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ሐሳቤን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "መጀመሪያ ያለው ይታይ" አሉ።

ልክ ነበሩ። ሦስት ነገር ተገኘ።

አንደኛ፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) የላትም። ድሮ አንድ ጊዜ ስትግል አንድ መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። ይህ ከተማችን ውስጥ ልማድ ሆኗል፣ እኔ ደግሞ አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። ቴርሞስታት የወጣለት ሞተር በብርድ ጠዋት ሙቀቱ አይሞላም፣ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛው) እየተሳበ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩ ክዳን። ላዩ ላይ 0.9 ይላል፣ ሳይለቅ የሚይዘው ግፊት ማለት ነው። ጋሼ በመሞከሪያቸው ሲፈትሹት በ0.3 ለቀቀ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ትንሽ አይደለም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ይወስደዋል። ክዳኑ ከለቀቀ ግን ጌጁ ገና መሃል ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። "መኪናዬ ሳትግል ፈላች" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ክዳኑን እዩለት።

ሦስተኛ፣ ራዲያተሩ ራሱ። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው የጠጣው። ራዲያተር ቤት ወሰድነው። የነሐስና የመዳብ ስለሆነ የላይኛው ጋን በእሳት ተፈታ፣ ቀጫጭን ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በሽቦ ተወጉ፣ የወጣው ዝቃጭ የቡና አተላ ይመስላል። ከቱቦዎቹ ሲሶው ተዘግቶ ነበር።

አዲስ ክዳን ገዛሁ። መጀመሪያ የገዛሁት አዲሱም በ0.5 ለቀቀና መለስኩት። እባካችሁ ክዳን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፣ አስፈትሹት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በአዲስ ክዳንና በተጠረገ ራዲያተር ያንኑ ልኬት ደገምኩ። በ35ኛው ደቂቃ 96። ስድስት ዲግሪ ተሻሻለ። አሁንም ግን መውጣቱን አላቆመም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የአክስቴ ልጅ ከሜልበርን መጣ። ሻንጣው ውስጥ ለእናቴ ሹራብ፣ ለእኔ ፓምፑን ይዞ። ዴቪስ ክሬግ የሚባለው ኩባንያ እዚያው ከተማ ነው፤ በስልክ ተነጋግረን 80 ሊትር በደቂቃ የሚገፋውን፣ ከነመቆጣጠሪያው መረጥን። ከእሱ ከፍ ያለው 115 ሊትር ይገፋል፣ ለ1,300 ሲሲ ግን አያስፈልግም።

ለምን እንደማያስፈልግ በእስክሪብቶ ሠራሁት። 1 ኪሎ ውሃ 1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ይፈልጋል። ዳገት ላይ ይህ ሞተር ወደ ውሃው 25 ኪሎዋት ሙቀት ቢጥል እንኳ፣ በደቂቃ 60 ሊትር ከሮጠ፣ ውሃው ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የሚጨምረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ፓምፑ ይበቃል ማለት ነው። የቀረውን የሚወስነው አየሩ ነው። ፓምፕ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል እንጂ ሙቀት አይጥልም። የሚጥለው ራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ንፋስ ነው፣ የእኛ ንፋስ ደግሞ ከባሕር ዳርቻው አየር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ ፓምፑን ብቻ ቀይሬ ማራገቢያውን እንደነበረ ብተወው ግማሽ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያም እንደሚያስፈልግ የወሰንኩት ዛሬ ነው።

ፓምፑ መዳፍ ላይ ያርፋል። አንድ ኪሎም አይሞላም። ባትሪ ላይ ለአንድ አፍታ ብቻ ነክቼ ሲዞር ሰማሁት፤ ደረቁን ማዞር ማኅተሙን ስለሚጎዳ ወዲያው አቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የማፍረስ ቀን። ጋሼ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ግን አላስገቡም። "አንተው ፍታው" አሉኝ።

ውሃውን አወረድኩ። ማራገቢያውን ፈታሁ። ቺንጋውን አላላሁ። የፓምፑ አምስተኛ ቡሎን አልፈታ አለ፤ ቅባት አርከፍክፌበት፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ በቀስታ ወጣ። እዚህ ላይ በጉልበት መጫን አያዋጣም፣ ቡሎኑ ተቆርጦ ከቀረ የሚቀጥለው ጉዞ ቶርኖ ቤት ነው።

ፓምፑን ገልብጬ አየሁት። ውሃውን የሚገፉት ምላሶች ስድስት ናቸው። ሁለቱ ጫፋቸው ተበልቶ እንደ ምላጭ ሳስተዋል፣ አንዱ ግማሹ የለም። የቀሩት ላይ ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርቷል፣ በጥፍሬ ስጭረው እየተቀረፈ ወደቀ። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ያለው ክፍተት ሦስት ሚሊሜትር ይሆናል። ጋሼ ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ይሄ መቼ ውሃ ይገፋና! ውሃ ይወቅጣል እንጂ።"

ቀጥለው የጠየቁኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። "አዲስ ሜካኒካል ብንገጥምላትስ?" መልሴን እዚህም ልጻፈው። ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል። መኪናችሁ ቆማ የምትግል ከሆነ ክዳን፣ ራዲያተር፣ ቴርሞስታትና ፓምፕ በዚህ ቅደም ተከተል አስፈትሹ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ እዚያው ያልቃል ብዬ አምናለሁ። እኔ የቀጠልኩት መኪናዋ በቀን ሁለት ሰዓት ቆማ ስለምትውል ነው። አዲስ ሜካኒካል ፓምፕም በሚኒሞ ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ሞተሩ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ሜካኒካሉ ከሞተሩ እኩል ይቆማል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የታመቀው ሙቀት ግን የትም አይሄድም፣ ስለዚህ ከጠፋች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቷ ይጨምራል። ይህ ሲደጋገም የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ጊዜ ለውጬላታለሁ፣ ሦስተኛ አልፈልግም።

የድሮውን ፓምፕ አልጣልነውም። ቶርኖ ቤት ወስጄ ምላሶቹ ያሉበትን ዲስክ አስቆረጥኩ፣ ዘንጉ፣ ኩሽኔታውና ፑሌጃው ቀሩ። ቺንጋው ከክራንክ ወደ ዲናሞ ሲሄድ በዚያ ፑሌጃ ላይ ስለሚያልፍ ባዶውን ይዞራል። ጥቅሙ ሌላም አለ፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ጤነኛ ሜካኒካል ፓምፕ በዚያው ቦታ መልሶ መግጠም ይቻላል። ኩሽኔታው ሲንኳኳ ስለተሰማኝ አዲስ አስገባሁለት፣ ማኅተሙንም ቀየርኩ።

ከሰዓት ሶማሌ ተራ። ከተጋጨ ቪትዝ የወጣ ማራገቢያ ከነቅርጫቱ ገዛሁ። ሻጩ ባትሪ አምጥቶ ፊቴ አዞረው፣ ንፋሱ ወደ ሞተር የሚስብ መሆኑን በወረቀት ቁራጭ አየን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ቧንቧ ሥራ። የፓምፑ ቦታ የታችኛው ጎማ ላይ ነው፤ ከራዲያተሩ የቀዘቀዘውን ውሃ ስቦ ወደ ሞተር ይገፋል። ዝቅ ያለ ቦታ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ይህ ፓምፕ አየር መሳብ አይችልም፣ ሁልጊዜ በውሃ ተሞልቶ መቀመጥ ይፈልጋል።

ጎማውን በሁለት ቆርጬ መሃሉ ላይ አስገባሁት። በብረት ከሻንሲው ጋር ልይዘው ነበር፣ መመሪያው ግን በጎማዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀመጥ ይላል። ምክንያቱም ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ፓምፑ አብሮ መወዛወዝ አለበት፤ አጥብቀው ከያዙት አፉ ይሰነጠቃል። አራት ፋሸታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት)። ጎማው እንዳይቆረጥ ጠርዙ የለሰለሰውን ዓይነት መረጥኩ።

የሙቀት ሴንሰሩን የላይኛው ጎማ መነሻ ላይ፣ ውሃው ከቴስታታ እንደወጣ የሚያልፍበት ቦታ አስቀመጥኩት። ቴርሞስታቱ በዚህ አሠራር አይመለስም። ሥራውን መቆጣጠሪያው ይወስደዋል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ፓምፑን ለአፍታ እያስነሳ ያቆመዋል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ያረዝመዋል፣ ከዚያ ያለማቋረጥ ያስኬደዋል። ይህ ቴርሞስታት አውጥቶ ከመጣል ጋር እንዳይምታታባችሁ። ትንሿን ባይፓስ ጎማ ደፈንኳት፣ አለዚያ ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጭ ይመለሳል። የሂተሩን መስመር እንደነበረ ተውኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

ሽቦ። ይህን ቀን በጥንቃቄ አነበብኩ፣ በጥንቃቄ ሠራሁ። ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ ዓይን ያየዋል። ከዛሬ ጀምሮ ሞተሬ የተንጠለጠለው በአንድ ሽቦ ላይ ነው።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ 15 አምፔር ፊውዝ። ለማራገቢያው ለብቻው ሪሌና ፊውዝ። መቆጣጠሪያውን ውሃና ሙቀት እንዳይነካው ከዳሽቦርዱ ሥር አሰርኩት። ከቁልፉ አንድ ቀጭን ሽቦ ወሰድኩለት። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በእርሳስ በየድኩ፣ ከዚያ የሚኮማተር ጎማ አለበስኳቸው። በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በክረምት ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን በዚህችው መኪና መብራት ላይ አይቻለሁ።

ሙቀቱን 85 ላይ አስቀመጥኩት። ማራገቢያው 88 ሲሆን ይነሳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ውሃና ኩላንት ግማሽ ግማሽ ሞላሁ። የቧንቧ ውሃ የለም፤ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ነው የተጠቀምኩት። አስነሳሁ። በ4ኛው ደቂቃ 70፣ በ6ኛው 85፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ማቆም 94፣ 97። የላይኛውን ጎማ ስይዘው ይፋጃል፣ የታችኛው ግን በረዶ ነው። ፓምፑ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ደግሞ ድምፁ ትክክል አይደለም፤ ጠጠር የሚታጠብ የመሰለ።

አየር ይዟል።

አጥፍቼ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ። የመኪናዋን የፊት እግሮች ጡብ ላይ አወጣሁ፣ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉ ከፍ እንዲል። ክዳኑን ከፍቼ፣ የሂተሩን ቧንቧ ሙሉ ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ፓምፑን ብቻ አስኬድኩት። ይህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በጣም የወደድኩለት ነገር ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ውሃውን ማዞር ይቻላል። የታችኛውን ጎማ በሁለት እጄ ይዤ ጨመቅ ለቀቅ ሳደርገው መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ራዲያተሩ አፍ ላይ አንድ ትልቅ አረፋ ቡልቅ አለ። ከዚያ ሦስት አራት ትናንሽ። ውሃው ጎደለ፣ ሞላሁ። እንደገና ቡልቅ። 20 ደቂቃ ይህን ስናደርግ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ተጨመረ። ያ ሁሉ ቦታ አየር ነበር። የፓምፑም ድምፅ ጠራ፤ ቀጭን፣ አንድ ዓይነት ዝምታ ያለው እዝዝታ ሆነ።

ችግሩ ከእኔ ነበር። ፓምፑን አግድም ስሰቅለው መውጫው ከመግቢያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለነበር አየሩ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። አዙሬ መውጫው ወደ ላይ እንዲያይ አደረግኩት።

ድጋሚ አስነሳሁ። በ6 ደቂቃ 85። ፓምፑ ነቃ። 86። 87። 88 ሲል ማራገቢያው ተነሳ፣ 85 ሲል ተኛ። በ35ኛው ደቂቃ 86። ጋሼ የታችኛውን ጎማ በእጃቸው ያዙ፣ ለብ ማለቱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። መስከረም ላይ በዚህችው ደቂቃ 102 ነበር።

ስታጠፋት ፓምፑ ወዲያው አይቆምም። ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻውን ይሠራል። ማታ ግቢ ሳቆማት አከራያችን እትዬ መስኮት ከፍተው "ልጄ፣ መኪናው አልጠፋልህም መሰለኝ" አሉኝ። ወጥተው ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ዕለት ዕለት የሚያልፉ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ይነግሩኛል፣ ደግ ሕዝብ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነበረች። ማክሰኞ ማታ ግን ቦሌ መንገድ ላይ፣ መብራት በርቶ፣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ወደ 93 ወጣች። ቀን ላይ ያልነበረ ነገር ማታ ከመጣ ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ገመትኩ።

ዛሬ መልቲሜትር ይዤ ወረድኩ። በሚኒሞ፣ መብራት፣ ማራገቢያና ፓምፕ በርቶ፣ ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት። ፓምፑ እግር ላይ 10.8። አንድ ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ጠፍቷል። ፓምፑ ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት ዙሩ ይቀንሳል፣ ዙሩ ሲቀንስ ውሃው ይቀንሳል።

ሁለት ምክንያት አገኘሁ። የፓምፑን ማሳ (የኔጌቲቭ ሽቦ) ከሻንሲው ነበር የወሰድኩት፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የድሮው ጠፍጣፋ ማሳ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። አዲስ ማሳ ሠራሁ፣ የፓምፑንም ቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሰርኩት። ሁለተኛው ዲናሞው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ፓምፑ በክላምፕ ስለካው 7 አምፔር ያህል ወሰደ፣ ማራገቢያው 9፣ የፊትና የኋላ መብራት 11፣ ኢግኒሽኑ 4። ጠቅላላ ከ30 በላይ። አርባ ዓመት የሠራ ዲናሞ ይህን በሚኒሞ ሊሰጥ አይችልም። ካርቦኖቹ አልቀው ነበር፣ ቀየርኳቸው። የፊት መብራቶቹን ዝቅተኛ ዋት ወደሚወስዱ ቀየርኩ። ሚኒሞውን ከ800 ወደ 900 አነሳሁ።

አሁን ባትሪው ላይ 13.4፣ ፓምፑ ላይ 13.1።

እዚህ ላይ ስለ ቤንዚን ቁጠባ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልናገር። ፓምፑ በነፃ አይሠራም። 7 አምፔር በ13 ቮልት 90 ዋት ገደማ ነው፣ ያንን ደግሞ ዲናሞው የሚያመርተው ከሞተሩ ነው፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ ሞተሩ ላይ 150 ዋት ያህል ይጭናል። ጥቅሙ ሁልጊዜ ስለማይሠራ ነው። በተረፈ የተሻለ ፍጆታ አይቻለሁ፣ ግን የበለጠው ከፓምፑ ሳይሆን ሞተሩ ጠዋት ቶሎ ስለሚሞቅ ነው ብዬ አስባለሁ። ድሮ 15 ደቂቃ ነድቼም ቾክ እስብ ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 15

እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለው ዳገት ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋ ፈተና ነው፤ ፍጥነት የለም፣ ንፋስ የለም፣ ጋዝ ግን ሙሉ ነው። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩም ይሳሳል። ሆን ብዬ እኩለ ቀን ላይ፣ አራት ሰው ጭኜ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ቁጥሩን በየደቂቃው ያነባል። ሽሮ ሜዳ ገበያውን ስናልፍ 85። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ 88፣ ማራገቢያው ተነሳ። በአንደኛ ማርሽ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተጣበቅን፤ 89፣ 90፣ 91። 91 ላይ ቆመ። እጄ መሪው ላይ ላብ አውጥቶ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽታ ሲመጣና መንገዱ ሲለጥ 88 ሆነ።

ማርያም ጋ አቆምኩ። ፓምፑና ማራገቢያው ብቻቸውን ቀጠሉ። ቁጥሩ 88፣ 86፣ 83 እያለ ወረደ። አባቴ በዚህ ዳገት ላይ መሃል መንገድ ቆሞ በጀሪካን ውሃ ሲሞላ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ትንሽ ዝም ብዬ ቆምኩ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 6

አዳማ ደርሼ ተመለስኩ። ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ላይ ገብቼ በ80 ስሄድ 83 እና 85 መካከል ናት። ማራገቢያው አንድም ጊዜ አልተነሳም፣ ፓምፑም ሙሉ ኃይሉን አልተጠቀመም። በመልስ ጉዞ በአሮጌው መንገድ መጣሁ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ ላይ ቆም ሄድ እያልኩ። ከፍተኛው 89።

ቤት ስደርስ ግን ከፓምፑ በታች መሬቱ ላይ ሁለት ጠብታ አየሁ። አንዱ ፋሸታ ላልቷል። ጎማ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየተቀመጠ ስለሚሄድ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሁሉንም እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ እኔ ረስቼዋለሁ።

ጠብታው ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ቢፈስ ሴንሰሩ ባዶ አየር ውስጥ ይቀራል፣ አየር ውስጥ ያለ ሴንሰር ደግሞ ትክክለኛውን ሙቀት አያነብም። መቆጣጠሪያው "ደህና ነኝ" እያለ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ጋሼ ጋ ይህን ሳነሳ "ታዲያ ውሃው ራሱ ይናገራ" አሉ። ስለዚህ የራዲያተሩ ላይኛው ጋን ላይ የውሃ መጠን የሚያይ ሴንሰርና ዳሽቦርድ ላይ የሚጮኽ ቀይ መብራት እገጥማለሁ። የድሮው የሙቀት ጌጅም በቦታው ይቆያል። ፖርቶ መጋላ ውስጥ አንድ አዲስ ሜካኒካል ፓምፕ ከነጋርኒሲዮኑ፣ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ፣ አምስት ሊትር ውሃ አስቀምጫለሁ።

ሴንሰሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ቅዳሜ ጠዋት ራዲያተር ቤት ያስበይዱልኛል። ፋሸታዎቹን ዛሬ ማታ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ።